ማጉያውን በኪሎ፣ ኔጋቲቩን በነፃ

ምናለሽ ተራ ገብቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። የወፍጮ ብሎን፣ የቮልስ መስታወት፣ የንጉሡ ዘመን የብረት አልጋ፣ የተቃጠለ ዲናሞ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከእነዚህ መካከል አልፎ አልፎ ብቅ የሚል አንድ ዕቃ አለ። ከጣውላ መደብ ላይ ረጅም የብረት ዘንግ ቆሟል፤ ዘንጉ ላይ ድስት የሚያክል ጥቁር ራስ ተሰቅሏል፤ ከራሱ ሥር እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ሽክሽክና አንዲት ትንሽ ሌንስ ተንጠልጥላለች። የማያውቀው «የሐኪም ቤት ዕቃ ነው» ይላል። ሌላው «ማይክሮስኮፕ» ይለዋል። ነገሩ የፎቶ ማጉያ ነው፤ ፎቶ ቤቶች «ኢንላርጀር» የሚሉት።

ይህን ዕቃ ትናንት ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ዛሬ ፈላጊ አግኝቷል። ካፌ የሚከፍተው ለጌጥ ይፈልገዋል፤ የድሮ ዘመን ፊልም የሚሠራው ለትዕይንት፤ ከውጭ የመጣው ወገን ለትዝታ፤ ጥቂት ወጣቶች ደግሞ ሊሠሩበት። ፈላጊ ሲመጣ ዋጋ ይመጣል፤ ዋጋ ሲመጣ ከመቅለጥ መትረፍ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ታዲያ ምን አስጻፈኝ? አንድ ጥያቄ ነው። ማጉያው ብቻውን ከፎቶ ቤት አይወጣም። አብሮት ካርቶን ይወጣል፤ የጫማ ካርቶን፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ቢጫ ፖስታ። ውስጡ ኔጋቲቭ ነው። የአንድ ሰፈር የ20 እና የ30 ዓመት ፊት በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ማጉያውን ለመግዛት የሚከራከር ሰው አይጠፋም። «ካርቶኑስ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው። የዛሬው ክርክሬ ይኸው ነው፦ የማጉያ ገበያ ሞቅ ማለቱ የሚጠቅመን ኔጋቲቩንም አብሮ ካዳነልን ነው። ካላዳነ ግን መሣሪያውን ከሥራው ነጥለን ብረቱን ብቻ እየገዛን ነው።

ማጉያው ምን ይሠራ ነበር?

ከስልክ ካሜራ ጋር ላደገ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ኔጋቲቭ የተገለበጠ ምስል ነው። ነጩ ጋቢ ጥቁር፣ ጥቁሩ ፀጉር ነጭ ሆኖ ይታያል። በተለመደው 35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ነው፤ ከቴምብር ብዙም አይበልጥም። ማጉያው ራስ ውስጥ ያለው አምፖል ያችን ቴምብር ከላይ ያበራታል። ብርሃኑ በኔጋቲቩ ውስጥ አልፎ፣ በሌንሱ ተሰብስቦ፣ ከታች መደቡ ላይ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ያርፋል። ራሱን በዘንጉ ላይ ከፍ ሲያደርጉት ምስሉ ይሰፋል፤ ዝቅ ሲያደርጉት ይጠብባል። ከዚያች ቴምብር 18 በ24 ሴንቲሜትር ፎቶ ሲወጣ ስፋቱ 50 እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ብር አለ፤ የምንገበያይበት ሳይሆን ማዕድኑ ብር። ብርሃን ሲነካው ምስሉ ይያዛል፤ ዓይን ግን ምንም አያይም። ወረቀቱ ዴቨሎፐር ውስጥ ሲነከር ነው ፊት ቀስ እያለ የሚወጣው፤ መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍ። ከዚያ ፊክሰር ውስጥ ገብቶ ምስሉ ይጸናል፤ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ነው፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አይጎዳውምና። «ፎቶ ማሳጠብ» የሚለው አነጋገራችን የመጣው ከዚህ ውሃ ነው።

ሥራው ማብራትና ማጥፋት ብቻ አይደለም። እስቲ የአገራችንን ፎቶ አስቡት፤ ጠይም ፊት፣ በዙሪያው ነጭ ነጠላ። ብርሃኑ ለነጠላው ሲበቃ ፊቱ ይጠቁራል፤ ፊቱ ሲስተካከል ነጠላው ጥለቱ ሳይታይ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ባለሙያው በማጉያው ብርሃንና በወረቀቱ መካከል መዳፉን ያስገባል። ፊቱ ላይ ጥላ ሠርቶ ለጥቂት ሰከንድ ይከላከልለታል፤ ከዚያ ነጠላው ላይ ብቻ ብርሃን ይጨምራል። እጁን ዝም ብሎ ካቆመ የጣቱ ምልክት ይቀራል፤ ስለዚህ እያወዛወዘ ነው። ይህንን ያደረጉት ሰዎች ስማቸው በፎቶው ጀርባ ካለ የፎቶ ቤት ማኅተም በቀር የትም አልተጻፈም። የእናቶቻችን ነጠላ ጥለቱ ሳይጠፋ እስከ ዛሬ የሚታየው ግን በእነዚያ እጆች ነው።

ጉርድ ፎቶ ሲጎላ

በእኛ አገር «ፎቶውን አስጎላው» የሚባለው በተለይ ሁለት ጊዜ ነው፤ ደስታ ሲሆንና ሞት ሲመጣ።

በደስታው ጊዜ የሠርጉ ፎቶ ጎልቶ ሳሎን ይሰቀላል። ጋውን የለበሰ ልጅ ከእናቱ አልጋ ራስጌ ይሰቀላል። ወታደር የሄደው ልጅ ከነመለዮው ይጎላል። በሐዘን ጊዜ ደግሞ ቤተሰቡ መጀመሪያ ከሚሯሯጥባቸው ነገሮች አንዱ ፎቶ ፍለጋ ነው። ሟቹ የገጠር ሰው ከሆነ ወይም ፎቶ የማይወድ ከነበረ መታወቂያው ላይ የተለጠፈችው ጉርድ ብቻ ትገኛለች። እሷ ተልጣ ፎቶ ቤት ትወሰዳለች፤ እንደገና በካሜራ ትነሳለች፤ አዲሱ ኔጋቲቭ ማጉያው ላይ ይወጣል። በማግሥቱ ያ ሰው በፍሬም ሆኖ በለቀስተኛው ፊት ይቆማል። አልቃሿ ስሙን እየጠራች የምታየው ያንን ፊት ነው። ዛሬ ሥራው በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ልማዱ ግን ያው ነው፤ ልማዱን የተከለው ይህ በኪሎ የምንሸጠው ማሽን ነው።

ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይሂድ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ሙዚየም ግድግዳው በሟቾች ፊት የተሞላ ነው። ከምስሎቹ ብዙዎቹ እኛ ሁላችን አልበም ውስጥ ያሉን ዓይነት ናቸው፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ወጣት፣ አፍሮ ፀጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ጀርባው ባዶ መጋረጃ። ያን ፎቶ ሲነሱ ለምስክርነት ብለው አልተነሱም። ለትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለጓደኛ መታሰቢያ ነው። ዛሬ ግን «ይህ ሰው ነበረ» የሚል ማስረጃ ሆነው ቆመዋል። የትኛው ተራ ፎቶ ነገ ማስረጃ እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ኔጋቲቭ «አሮጌ ነው» ተብሎ የማይጣለው ለዚህ ነው።

ኔጋቲቩን የያዘ ታሪኩን ይዟል

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት መሐንዲሶቹ ካሜራ ይዘው መጥተዋል። ስለዚያ ዘመቻ የምናያቸው የድሮ ፎቶግራፎች የእነሱ ናቸው፤ እዚያው እንግሊዝ አገር ተቀምጠው በእነሱ ዓይን ያሳዩናል። ከዚያ በኋላ በቤተ መንግሥታችን አርመኖቹ ቦያጂያኖች መጡ። አባትየው ቤድሮስ ለዳግማዊ ምኒልክ፣ ልጆቹ ደግሞ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ፎቶ አነሱ። በኋላም ሺመልስ ደስታ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ። እሳቸው በደርግ ዘመን ወደ ለንደን ሲሰደዱ ሥራቸውን ይዘው ሄዱ፤ እዚያ ያለ የፎቶግራፍ ተቋም ተቀብሎ ለሕዝብ አሳየላቸው።

የነገሥታቱ ፎቶ እንዲህ ወይ በሙዚየም ወይ በስደት ተርፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 ያለውን የአገሪቱን ፎቶግራፍ ሰብስቦ አሳይቶናል። የተራው ሰው ፎቶ ግን ጠባቂ የለውም። የአዲስ ከተማ ሸማኔ፣ የሰባተኛ ሹፌር፣ የአውቶቡስ ተራ ሻይ ሻጭ፣ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ነጋዴ፤ እነዚህ ሰዎች የተነሱት ሰፈር ውስጥ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ኔጋቲቫቸውን የያዘው ያ ፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ቤተ መዛግብታቸው ተዘጋ።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ርዕስ የወጣው የፎቶ መጽሐፍ የከተማዋን ቤተሰቦች አልበም አገላብጦ ነው የተዘጋጀው። ሰው እንዴት እንደወደደው አስታውሳለሁ። «እንዲህ ነበርን እንዴ?» ያላለ የለም። ይህ ፍቅር ካለን ከአልበሙ ጀርባ ያለውን ኔጋቲቭ ማዳን ለምን ከበደን?

ዕቃው መርካቶ እስኪደርስ

መርካቶ ራሷ ተነቅላ የተተከለች ናት። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ አዲስ ከተማ ተባለ። ብዙዎቹን ማጉያዎች ያመረተው ዱርስት የተባለው ፋብሪካም ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ አዲስ አበባ በተያዘችበት ዓመት። ቼኮስሎቫኪያ ሜኦፕታን፣ ፖላንድ ክሮኩስን፣ ጀርመን የላይትዝን ፎኮማት ሠርታለች። ሶቪየቶች ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ የሚገባ ማጉያ ነበራቸው። ዛሬ እነዚህን ስሞች ብረት ላይ ተቀርጸው ያየ ሰው የያዘው ቁርጥራጭ እንዳልሆነ ይወቅ።

አሁን የዕቃውን መንገድ ተከተሉ። ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ያርፋል፤ ወይም ሱቁ ይፈርሳል። ልጆቹ ክፍሉን ማጽዳት አለባቸው። ቆራሌው በር ላይ ይጣራል። ብረቱን፣ አሉሚኒየሙን፣ ፕላስቲኩን ለይቶ ይወስዳል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ፊልም ለእሱ የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ ወይ እዚያው ይቀራል፣ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው ጣቢያ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ያለው ነጋዴ ዓይኑ የሠለጠነ ነው፤ ሌንሱን ያያል፣ ይነቅላል፣ ለብቻው ይሸጠዋል። ሦስተኛው ጣቢያ የአንቲካ ሱቅ ነው። እዚያ ማጉያው ይጠረጋል፣ ይወለወላል፣ «የጃንሆይ ዘመን ነው» የሚል ታሪክ ይሰፋለታል። አራተኛው ካፌ ነው፤ አምፖል ተቀይሮለት የጠረጴዛ መብራት ይሆናል።

በእያንዳንዱ ጣቢያ ዋጋው ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ነገር ይጎድላል። መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ቀጥሎ የባለቤቱ ስም፣ ቀጥሎ ሌንሱ፣ መጨረሻ ሥራው። ካፌው ላይ ሲደርስ በጣም ውድና በጣም ባዶ ነው።

ይህን ስል ነጋዴውን መክሰሴ አይደለም። ልብ በሉ፣ ቆራሌውና ምናለሽ ተራ ባይኖሩ ይህ ዕቃ ድሮ ቀልጦ ድስት ሆኖ ነበር። ከተቋሞቻችን ይልቅ መርካቶ ብዙ ዕቃ አትርፋልናለች። ነጋዴ የሚያተርፈው ግን ገዢ የሚጠይቀውን ነው። ኔጋቲቭ የሚጠይቅ ገዢ በወር አንድ እንኳ ቢመጣ፣ ቆራሌው ነገ ካርቶኑን አይጥለውም። መርካቶን ማስተማር አያስፈልግም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ዓለም ለምን ተመለሰበት?

ፈላጊው ከሰማይ አልወረደም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2005 የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ማምረት አቆመ፤ በ2012 ደግሞ ከኪሳራ ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ሄደ። የእንግሊዙ ኢልፎርድ በ2004 ሊዘጋ ደርሶ ነበር። በዚያ ሰሞን አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ማጉያ «ኑና ውሰዱልኝ» ተብሎ በነፃ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ስልክ ላይ ሺህ ፎቶ ያለው ወጣት በእጁ የሚይዘው አንድ ፎቶ አማረው። ኢልፎርድን ሠራተኞቹ የነበሩ ኃላፊዎች አድነውት እስከ ዛሬ ወረቀት ያመርታል። በ2024 ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ አወጣ። ያገለገለ ማጉያም ዋጋው ተመለሰ፤ በተለይም ሌንሱ፤ ምክንያቱም የዲጂታል ካሜራ ባለቤቶች ጥቃቅን ነገር ቀርቦ ለማንሳት ይጠቀሙበታል።

ይህ ማዕበል መርካቶ ሲደርስ ከእኛው ችግር ጋር ተጋጨ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ሰማይ ወጥቷል። አንድ ፓኮ የፎቶ ወረቀት ለማስመጣት የሚያስብ ወጣት ሁለት ጊዜ ያስባል። በተቃራኒው ዶላር ይዞ ለሚመጣ ሰው የምናለሽ ተራ ዋጋ ርካሽ ሆኗል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ሊሠራበት የሚፈልገው አቅም ያጣል፣ ሊያስጌጥበት የሚፈልገው ይገዛዋል፣ ደህና ሌንስ ያለው ከአገር ይወጣል።

ጊዜውም ከእኛ ጋር አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ልማቱን መደገፍ ወይም መቃወም የዛሬው ርዕስ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሁላችንንም ያስማማል፤ ሱቅ በአጭር ቀን ልቀቅ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው የሚሸጠውን ነው። ካርቶን መጨረሻ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎም አስታውሶናል፤ መርካቶ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁሉ የአንድ ሌሊት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

«ስልክ እያለ ማጉያ ምን ያደርጋል?»

ይህን ጥያቄ እጠብቀዋለሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ኔጋቲቭን ለማዳን ማጉያ አያስፈልግም። ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ስክሪን፣ ደህና ካሜራ ያለው ስልክና ምስሉን የሚገለብጥ መተግበሪያ ካለ፣ አንድ ልጅ በአንድ ቅዳሜ አንድ ካርቶን ሊያጋምስ ይችላል። ስካነር ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። ስለዚህ «ማጉያ ከሌለ ኔጋቲቩ ሞተ» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። በዚህ ነጥብ ጠያቂው ልክ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ስልክ ላይ ያለ ፋይል ስልኩ ሲጠፋ ይጠፋል። በደንብ ታጥቦ የወጣ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ኤሌክትሪክ፣ የይለፍ ቃልና ኢንተርኔት ሳይጠይቅ ከአያት ለልጅ ልጅ ይደርሳል። የእናንተው ቤት አልበም ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ አለ። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ወረቀት ላይ አስማምተው ያወጡ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፤ ግን እየቀነሱ ነው። ያ ዕውቀት በመጽሐፍ አይተላለፍም። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ማጉያ ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ነው የሚተላለፈው። መብራት የሆነ ማጉያ አያስተምርም።

ወረቀቱና ኬሚካሉ ውድ ነው ለሚሉ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ሮቼስተር ውስጥ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በቡና ፊልም ማጠብ እንደሚቻል አሳይቷል። የሚሟሟ ቡና፣ የማጠቢያ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ተቀላቅለው የዴቨሎፐርን ሥራ ይሠራሉ። ፊክሰሩንና ወረቀቱን አይተካም፤ የወጪውን ግማሽ መንገድ ግን ያቀላል። የቡና አገር ልጆች ይህን ከሮቼስተር መስማታችን ትንሽ ያሳፍራል።

ለመግዛት ለምትሄዱ

ሊሠራበት ፈልጎ የሚሄድ አንባቢ ካለ እነዚህን ይያዝ። ዋጋ አልጠቅስም፤ መርካቶ ጠዋት የተጠራው ከሰዓት አይገኝም።

መጀመሪያ ሌንሱን እዩ። በብርሃን አንጻር ስታዩት እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ካለው ተዉት። ለ35 ሚሊሜትር ፊልም 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ለ6 በ6 ሴንቲሜትር ፊልም 75 ወይም 80 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። የድሮ ፎቶ ቤት ኔጋቲቭ ብዙ ጊዜ ሰፊው ዓይነት ስለሆነ 35 ብቻ የሚቀበል ትንሽ ማጉያ ገዝታችሁ እንዳትቸገሩ።

ቀጥሎ የኔጋቲቭ መያዣውን ጠይቁ። ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ቀሪው አይሠራም። ራሱ ውስጥ ያሉት ትልልቅ መስታወቶች መኖራቸውንና አለመሰንጠቃቸውን እዩ። ራሱን ዘንጉ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ባለበት መቆም አለበት፣ ከወረደ ስፕሪንጉ ደክሟል። ሽክሽኩን በስልክ መብራት ከውስጥ አብሩበት፤ ቀዳዳ ካለው ብርሃን ያፈሳል። አምፖሉ አያሳስባችሁ፤ ተራ ሶኬት ላይ የሚገባ ወተት መስሎ የሚያበራ አምፖል ብዙዎቹን ያሠራል።

ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ከየት ፎቶ ቤት ወጣ? ካርቶን አልነበረውም?» ካርቶን ካለ ከማጉያው ጋር አንድ ላይ ግዙ። ከሌለ ስልክ ቁጥራችሁን ተዉ፤ ነጋዴው አይረሳውም።

ምን ይደረግ?

ለፎቶ ቤት ባለቤቶችና ልጆቻቸው፦ ቆራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት ካርቶኖቹን ለዩ። የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጥ ፊልም መበስበስ ጀምሯልና ከሌላው ለብቻ አስቀምጡት፣ ቀድሞ ይገልበጥ። ቀሪውን ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት። ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስምና ቀን አትጣሉ፤ ያለ ስም ያለ ፊት ግማሽ ፊት ነው።

ለተቋማት፦ ወመዘክር አለን፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለን፤ የአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለን። ስለ ቤተ መዛግብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991፣ ስለ ቅርስ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ ሕግ አላጣንም። ያጣነው አንድ ጠረጴዛ ነው። ነጋዴው ካርቶን ይዞ ቢመጣ ሦስት ፊርማ ሳይጠይቅ ቆጥሮ፣ መዝግቦ፣ መጠነኛ ዋጋ ከፍሎ የሚቀበል አንድ ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ። ሱቅ ለሚያፈርሰው ክፍለ ከተማም አንድ ቀላል ነገር ይቻለዋል፤ የሚነሳው ንግድ ቤት ፎቶ ቤት ከሆነ ከማፍረሱ በፊት ለዚያ ጠረጴዛ ስልክ መደወል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊታቸው በየማኅበራዊ ገጹ እንዲለጠፍ አልፈቀዱም። ብዙዎቹ ወይም ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ማዳን አንድ ነገር ነው፣ ማሰራጨት ሌላ። መጀመሪያ ይዳን፣ ይመዝገብ፤ ቤተሰብ መጥቶ «ይህ አባቴ ነው» የሚልበት በር ይከፈት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚታይ ባለቤቱ ይወስን።

ለካፌ ባለቤቶች ደግሞ፦ ማጉያውን ለጌጥ መግዛታችሁን አልቃወምም፤ ከመቅለጥ ይሻላል። ሌንሱን ግን አትንቀሉ፣ ዘንጉን አትቁረጡ፣ ሽቦውን አትቀይሩ። ነገ የሚሠራበት ሲመጣ እንዲነሳ አድርጋችሁ አቁሙት።

ለሁላችንም፦ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሳሎን የተሰቀለውን ትልቁን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አውርዱና ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለው ስሙን ጻፉት። ፎቶ ቤቱ አሁንም ካለ ሂዱና ጠይቁ፤ ከተዘጋ ልጆቹን አፈላልጉ። የአባታችሁ ኔጋቲቭ አንድ ካርቶን ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ከጎኑም ያልታተመ ሌላ ምስሉ፣ ዓይናችሁ አይቶት የማያውቅ።

ያገኛችሁትን ጻፉልን፤ የፎቶ ቤቱን ስምና ሰፈሩን ብቻ። ዝርዝሩ ሲጠራቀም በዚሁ ቻናል እናወጣዋለን። ይህን ጽሑፍ ምናለሽ ተራ ለሚሠራ ወዳጃችሁ አጋሩለት፤ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እሱን ነው።

ቸር እንሰንብት።